ቶምስ የት ገባ?

አንዳንዱን ፊልም ሰው አይቶ ሲጨርስ «ቆንጆ ነው» ወይም «አይረባም» ብሎ ይገላገለዋል። «ኢንተርስቴላር» ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ፊልም አይደለም። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ለዕይታ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላው በአሜሪካ ትልልቅ አይማክስ ሲኒማዎች እንደገና ሲታይ ትኬቱን ለማግኘት ሰው ተሻምቷል። አይማክስ በሌለበት በእኛ ምዕራብ ዓባያም ከስልክ ወደ ስልክ እየተሻገረ ዛሬም ያከራክራል። ሙዝ አይሱዙ ላይ እስኪጫን በሚጠበቅበት ሰዓት ሳይቀር ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ።

ተከራካሪዎቹን ለአራት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የካምፓስ ልጆች ናቸው። ለእነሱ ፊልሙ የፊልሞች ሁሉ ቁንጮ ነው፤ ያልወደደው ሰው ፊዚክስ ስላልገባው ነው። ሁለተኛዎቹ «እንቅልፌን ለጠጥኩበት» የሚሉት ናቸው። አይፈረድባቸውም፤ 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይፈጃል። ሦስተኛዎቹ ያለቀሱት ናቸው፤ ጥቁር ቀዳዳ ምናምን ግድ አይሰጣቸውም፤ የአባትና የልጅ ነገር ነው የያዛቸው። አራተኛዎቹ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ሲናገሩም ብዙ ጊዜ ይሳቅባቸዋል። እነሱ ፊልሙን እንደ እርሻ ፊልም ነው የሚያዩት።

እኔ ከአራተኛዎቹ ጋር ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ፊልሙን ያላያችሁ ግን መጨረሻውን ጭምር ስለምናገር ከአሁኑ አውቃችሁ ግቡበት።

ሁሉም ያየው አንድ ፊልም አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሰዎች ስለ አንድ ፊልም የማይስማሙት ሁልጊዜ ጣዕማቸው ስለሚለያይ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ያዩት ፊልም ራሱ ይለያያል። አንዱ ዶርም ውስጥ በላፕቶፕ፣ በእንግሊዝኛ፣ ጽሑፉን ከሥር እያነበበ አይቶታል። ሌላው ፍላሽ ላይ ያስጫነው በአማርኛ የተተረጎመውን ነው፤ እዚያ ላይ ተራኪው የራሱን ቀልድ ይጨምራል፣ ያልገባውን ይዘላል፣ የመሰለውን ያክላል። ሦስተኛው ደግሞ ቲክቶክ ላይ «የፊልሙ ታሪክ ባጭሩ» የሚለውን ሁለት ሦስት ክፍል አይቶ «አይቼዋለሁ» ይላል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ገዢና ሻጭ እኩል መረጃ ከሌላቸው ገበያው ይዛባል ተብለናል። የፊልም ክርክርም እንደዚያው ነው። ፊልም ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የማይጮኸው ሰው ነው። በ«ኢንተርስቴላር» ማጠቃለያዎች አባትየው አለ፣ ሴት ልጁ አለች፣ መንኮራኩሩ አለ፣ ጥቁሩ ቀዳዳ አለ። ቶም ግን የለም። ቶም ማነው? እንመጣበታለን።

የሊቆቹ ወገን

የካምፓስ ልጆች የሚሉት ውሸት አይደለም። የፊልሙ የሳይንስ አማካሪ ኪፕ ቶርን ተራ ሰው አይደሉም፤ ፊልሙ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ወስደዋል። «ጋርጋንቱዋ» የተባለው ጥቁር ቀዳዳ ሥዕሉ የተሠራው የእሳቸውን ቀመሮች ተከትሎ ነው፤ ፊልሙም በምስል ቅንብር ኦስካር አግኝቷል። ከግዙፍ አካል አጠገብ ጊዜ ይዘገያል የሚለውም የአንስታይን ሳይንስ እንጂ የኖላን ፈጠራ አይደለም።

ታዲያ ፊልሙን መውደድ ሌላ፣ ያልወደደውን «አልገባህም» ማለት ሌላ። ፊዚክሱን በደንብ የሚያውቁ የውጭ ሐያሲዎችም ቢሆኑ በመጨረሻው ክፍል አልተስማሙም። አባትየው ጥቁር ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከልጁ መጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ መገኘቱ፣ ፍቅር ጊዜንና ቦታን ይሻገራል መባሉ፣ ለአንዳንዱ ትልቅ ሐሳብ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ማላዘን ነው። ስለዚህ ብርብር ላይ የሚሰማው አለመስማማት የገጠር አላዋቂነት አይደለም። ኒው ዮርክም ላይ አልተስማሙም።

የእንባ ወገን

ያለቀሱት ሰዎች የሚያነሱት አንድ ቦታ ነው። ኩፐርና ጓደኞቹ ውኃ ብቻ የሆነች ፕላኔት ላይ ያርፋሉ። እዚያ አንድ ሰዓት ማለት ምድር ላይ ሰባት ዓመት ነው። ጥቂት ሰዓት ቆይተው ወደ መንኮራኩራቸው ሲመለሱ 23 ዓመት አልፏል። ኩፐር ተቀምጦ ልጆቹ በእነዚያ ዓመታት የላኩለትን የቪዲዮ መልእክት አንድ በአንድ ያያል። መልእክቱ ይደርሰዋል እንጂ መልስ መላክ አይችልም።

ይሄን ቦታ ለመረዳት የእኛ ሰው አንስታይን አያስፈልገውም። ከጋሞ ደጋ ወርዶ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሊሠራ የሄደ አባት ያለው ልጅ ይሄን ያውቀዋል። ዓረብ ሀገር የሄደች እናት ያለው ልጅም ያውቀዋል። እሷ ዘንድ አንድ ኮንትራት ነው ያለፈው፤ ቤት ግን ጥርስ ያላበቀለው ልጅ «ማናት ይቺ ሴትዮ?» እያለ ስልኩን ይገፋል። የሄደ ሰው ሰዓትና የቀረ ሰው ሰዓት እኩል አይሄዱም። ፊልሙ ይሄን በፊዚክስ ነገረን፤ ሰዉ ግን በኢሞ ያውቀዋል። የውጭ ሐያሲ «ማላዘን» ያለውን የእኛ ሰፈር «እውነት ነው» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ፊልም አይተን ዋጋ የምንሰጠው ከኪሳችን ባለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቀድመን በከፈልነውም ነው።

አሁን ቶም

ኩፐር ሁለት ልጆች አሉት። መርፍ ሴቷ፣ አሥር ዓመቷ፤ ቶም ወንዱ፣ አሥራ አምስት። ዓለም በሰብል በሽታ ተመትታለች። ስንዴ ጠፍቷል፤ ባሚያም በዚያ ዓመት የመጨረሻው ነው፤ የቀረው በቆሎ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ኩፐርን ጠርቶ የቶም ውጤት ዩኒቨርሲቲ እንደማያስገባው፣ ጥሩ ገበሬ ግን እንደሚወጣው ይነግረዋል። ኩፐር ይናደዳል። እሱ ራሱ አብራሪና መሐንዲስ የነበረ ሰው ነውና ገበሬነትን እንደ ውድቀት ያየዋል።

እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ተመልካች ዝም ብሎ አያልፍም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባት ያህሉ ቶም ነበር ማለት ነው። ለነዚህ ልጆች የነገርናቸውም የፊልሙ ትምህርት ቤት ለኩፐር ከነገረው ብዙ አይርቅም፦ አልሆነላችሁም፣ እንግዲህ ወደ እርሻ።

ኩፐር ይሄዳል፤ ቶም እርሻው ላይ ይቀራል። አያቱን የሚቀብረው እሱ ነው። የመጀመሪያ ልጁንም ይቀብራል። ለአባቱ በየጊዜው መልእክት የሚልከው፣ ሚስቱን የሚያስተዋውቀው፣ ሕፃኑን ወደ ካሜራ አንስቶ የሚያሳየው እሱ ነው። መርፍ ተቀይማ ለዓመታት አንዲት ቃል አልላከችም። በመጨረሻ ቶም «ሰሚ የለም» ብሎ ያቆማል። ከዚያ ምን ይሆናል? እህቱ ከእርሻው ልታስወጣው ስትል በቆሎውን ታቃጥልበታለች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቶም ከፊልሙ ይጠፋል።

ፊልሙ ሲያልቅ ኩፐር በጠፈር ላይ በተሠራ ትልቅ መኖሪያ ውስጥ ይነቃል። የድሮ የእርሻ ቤታቸው እንደ ሙዚየም ተሠርቶ ይጠብቀዋል። አርጅታ አልጋ ላይ የተኛችውን መርፍን ያገኛታል። ስለ ቶም ግን አይጠይቅም፤ ማንም አይነግረውም። ቤቱ ሙዚየም ገባ፤ ቤቱን ይዞ የኖረው ሰው ስሙ አልተነሳም።

አንድ የሙዝ ገበሬ የሆኑ አባት ከልጆቻቸው ጋር ፊልሙን ካዩ በኋላ ያነሱትን ጥያቄ ነው የጽሑፌ ርዕስ ያደረግኩት። ልጆቹ ስለ ጥቁር ቀዳዳው ሲከራከሩ እሳቸው «ቶምስ የት ገባ?» አሉ። ቀጥለውም «ደግሞ ያን የሰብል በሽታ ማን መረመረው? መንኮራኩር የሚሠራ ሀገር ለበሽታው መድኃኒት አጣ?» አሉ። ተሳቀ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ አይደለም የፊልሙ ነገር» ተባሉ።

እኔ ግን በደንብ የተነሳ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው እላለሁ። አንድ ብር አንድ ቦታ ላይ ስታውለው ሌላ ቦታ ላይ ልታውለው ትችል የነበረውን ዕድል ትከፍላለህ። ፊልሙ ውስጥ ያለው መንግሥት የቀረውን ሀብትና የቀሩትን ሊቃውንት መሬት ሥር ደብቆ ለመሸሽ ያውላቸዋል። የሰብል በሽታውን ለመመከት የሚደረገውን ጥረት አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያልፈዋል። አፈሩ ተስፋ የተቆረጠበት ገና ፊልሙ ሳይጀመር ነው።

አቧራው እውነተኛ ነበር

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፊልሙ ሲከፈት ስለ አቧራ የሚናገሩ አዛውንቶች ይታያሉ። አሮጊቷን መርፍን ሆና ከምትናገረው ተዋናይት በስተቀር እነዚያ ሰዎች ተዋንያን አይደሉም። ኬን በርንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሠራው ዘጋቢ ፊልም የተወሰዱ፣ በ1930ዎቹ የአሜሪካን ሜዳ ያለበሰውን የአቧራ ማዕበል በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ያ አቧራ ከሰማይ የመጣ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሣር የነበረውን ሰፊ መሬት አርሰው አራቁተውት፣ ድርቅ ሲጨመርበት አፈሩ ተነሳ። ብዙ ሰው ነቅሎ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ አብዛኛው ግን ቀረ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1935 የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ አስተራረስ እንዲቀየር፣ ዛፍ እንዲተከል ሠራ።

አያችሁ? ኖላን የእውነተኞቹን ሰዎች ፊት ወሰደ፤ የእውነተኞቹን ሰዎች መልስ ግን ተወው። የእነሱ መልስ ወደ ሳተርን መብረር አልነበረም። ለነገሩ ኖላን ራሱ ለቀረጻው ካናዳ ውስጥ 500 ኤከር በቆሎ አስዘርቶ፣ በኋላ ሸጦ እንዳተረፈበት ተናግሯል። እርሻ ተስፋ የለውም በሚል ፊልም ውስጥ እርሻው አዋጣው ማለት ነው።

እኛስ የሠራነው?

«ይሄ የፈረንጅ ፊልም ነው፤ ከኛ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ እኛው ምድር ላይ የተሠራውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ክራምብስ» የተሰኘ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ወጥቷል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዋነኞቹ ተዋንያን ግን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፤ የሚነገረው በአማርኛ ነው፤ የዳሎልን ምድርም ያሳያል። ዓለም ከጠፋች በኋላ ነው ታሪኩ። ሰማይ ላይ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆመ መንኮራኩር አለ። ከታች ያለው ሰው የድሮውን ዓለም የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሙዚቃ አልበም እንደ ቅርስ እየለቀመ ይኖራል፤ የሚያስበውም ወደዚያ መንኮራኩር ወጥቶ ስለ መሄድ ነው።

በዚህም ፊልም አንስማማም። የውጭ ሐያሲዎች የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳይንስ ልብ ወለድ እያሉ አወደሱት። ሰላም ተስፋዬን በፍቅር ፊልም የለመደው የእኛ ተመልካች ግን «ምንድነው ይሄ?» ቢል አልፈርድበትም፤ ፊልሙ ግራ ያጋባል፣ ሆን ብሎም ነው። እኔ የማየው ግን ሁለቱ ፊልሞች የሚገናኙበትን ነው። አንዱ ውድ፣ አንዱ ርካሽ፤ አንዱ የሆሊውድ፣ አንዱ የዳሎል። በሁለቱም ግን ሰው አንጋጦ ነው የሚኖረው። መዳን ከላይ ነው፤ መሬቱ የሚለቀቅ ነገር ነው።

ወደ ሙዙ እንመለስ

ምዕራብ ዓባያ ውስጥ ከብርብር በየትኛውም አቅጣጫ ብትወጡ ሙዝ ነው። ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ጋር ሆኖ የአዲስ አበባን ገበያ ሲያጠግብ የኖረ አካባቢ ነው። ድሮ በቆሎና ጥጥ ይዘራበት የነበረው ሜዳ ሙዝ የሆነው ገበሬው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚያዋጣው ነው። ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፣ አይሱዙ መጥቶ ይጭናል፣ ደላላው ቢያስለቅስም ብር ይገባል።

ችግሩ ሙዝ በዘር አይራባም። ከእናቲቱ ሥር የወጣችው ልጅ ተነቅላ ትተከላለች፤ ስለዚህ ማሳው ሁሉ መንትያ ነው ማለት ይቻላል። አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ይገድላል። ይሄ ልብ ወለድ አይደለም። እስከ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዓለም ሲነግድ የነበረው ሙዝ «ግሮ ሚሼል» የሚባለው ነበር፤ «የፓናማ በሽታ» የሚባል የአፈር ፈንገስ በላቲን አሜሪካ እርሻዎቹን ስላወደማቸው በ«ካቨንዲሽ» ተተካ። የእኛም የገበያ ሙዝ በአብዛኛው የካቨንዲሽ ወገን ነው። አሁን ካቨንዲሽንም የሚገድል አዲስ ዓይነት ተነስቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዛምቢክ ውስጥ መገኘቱ ተነግሯል። ደጋ ላይ እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያም ሙዝን እንደሚይዝ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። በቆሎውንም ቢሆን በ2009 ዓ.ም. የገባው መጤ ተምች ምን እንዳደረገው ገበሬው አይረሳም። በነገራችን ላይ ፊልሙ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ሰብል በቆሎ ነበረች።

አቧራውስ? የእኛ አፈር ወደ ሰማይ አይነሳም፤ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። እንግዳ ሰው አርባ ምንጭ ሲመጣ «ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ዓባያ ለምን ቀላ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም «ተፈጥሮው ነው» ብለን ፎቶ እናነሳዋለን። የሚያቀላው ውኃው ውስጥ የተንጠለጠለ አፈር ነው። ወንዞቹ በየክረምቱ ከየተራራውና ከየማሳው ጠርገው ያመጡለታል።

እንግዲህ የእኚያ አባት ጥያቄ አሁንም ያስቃል? እሳቸው ፊልሙን ሳይረዱት ቀርተው አይደለም። ማሳቸውን አዩበት። የበሽታው ነገር ለካምፓስ ልጅ የታሪኩ መነሻ ነው፤ ለእሳቸው ግን ታሪኩ ራሱ ነው።

«ሕልምን አትግደል»

የካምፓስ ልጆች የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «ሰው ማለም አለበት፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አፈር ካየ ማን ወደ ኮከብ ያያል?» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ፊልሙ ውስጥ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሰው ጨረቃ ላይ መውጣቱን ውሸት ነበር ብሎ ያስተምራል፤ ሳይንስን የተጠየፈ ማኅበረሰብ የት እንደሚደርስ በደንብ አሳይቷል። እኔም ሳይንስ ይቅር አላልኩም። እንዲያውም ይጨመር ነው የምለው፤ ግን ለቶምም ይድረሰው። በሽታ የሚመረምር ሰው፣ ጤነኛ ችግኝ በቤተ ሙከራ የሚያባዛ ሰው፣ ከሙዙ ጎን ምን ቢተከል ገበሬው እንደማይከስር የሚያሰላ ሰው፣ እሱም ሳይንቲስት ነው። አርባ ምንጭ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። ከእኛ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ደግሞ ኮንሶ አለ፤ ለዘመናት በድንጋይ እርከን አፈሩን ይዞ የኖረ ሕዝብ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበለት። መንኮራኩር አልሠራም። አፈሩን ግን አልለቀቀም።

እኔ የምጠላው መሄድን አይደለም። የሚሄድ ይሂድ፤ ኩፐርም ባይሄድ ፊልሙ አይኖርም ነበር። የምጠላው የሄደውን ብቻ ጀግና፣ የቀረውን ደግሞ ውጤት ያጣ ሰው አድርገን መቁጠራችንን ነው። የሄደው ሲመለስ በግ ይታረድለታል፤ የቀረው በጉን ያረባ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ «ኢንተርስቴላር» ክርክር ሲነሳ፣ ከጥግ ሆኖ «ገበሬውስ?» የሚል ሰው ካለ አትሳቁበት። ምናልባት ከሁላችን በተሻለ ፊልሙን ያየው እሱ ነው። ቶም መልእክት መላኩን ያቆመው የሚናገረው ስላለቀበት አልነበረም፤ የሚመልስለት ስላጣ ነው። የእኛዎቹ ቶሞች ገና አላቆሙም፤ በየጊዜው ስለ በሽታው፣ ስለ ችግኙ፣ ስለ ዋጋው ይጠይቃሉ። ከነሱ ጋር ለመነጋገር ደግሞ ጠፈር ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ከአርባ ምንጭ ብርብር መንገዱ አስፋልት ነው።